ጆኪቺ ታካሚኔ፦ ከስፖርት ቦርሳ መጥፋት የሌለበት መድኃኒት ባለታሪክ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ በታይዳል ቤዚን ዙሪያ ያሉት የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። የእኛም ሰው ልጆቹን ይዞ ፎቶ ሊነሣ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በዚያው መንገድ የሚሮጠው ብዙ ነው። እነዚያ ዛፎች ወደ አሜሪካ እንዲመጡ ወጪውን የሸፈኑት ሰው ጆኪቺ ታካሚኔ ይባላሉ። ጃፓናዊ ኬሚስት ነበሩ። እኚሁ ሰው ለሚሮጠው ሰው ከዛፉ የሚበልጥ ሌላ ስጦታ ትተውለታል። አንድ ሰው በድንገተኛ አለርጂ ጉሮሮው አብጦ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሲወድቅ ሕይወቱን የሚያተርፈው አድሬናሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣርቶ የወጣው በእሳቸው ላቦራቶሪ ነው።

ስማቸው ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቶሎ ይገባል። ታካሚ ከሚለው ቃላችን ጋር በጣም ይቀራረባልና። ግንኙነት የለውም፤ ግን አንዴ የሰማው አይረሳውም። በነርሲንግ ትምህርት ስለ አናፊላክሲስ፣ ማለትም መላ ሰውነትን ስለሚያናጋው ከባድ አለርጂ ስንማር፣ ከሁሉ በላይ የሚደጋገምልን አድሬናሊን መዘግየት እንደሌለበት ነው። መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ ግን ብዙም አይነገረንም። ስለዚህ በዚህ እትም የእኚህን ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ፤ ቀጥሎም ሜዳ ላይ ስንሮጥና ኳስ ስንጫወት መድኃኒታቸው እንዴት እንደሚያስፈልገን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሐኪም ልጅ

ታካሚኔ የተወለዱት ኖቬምበር 3 ቀን 1854 ታካኦካ በምትባል የጃፓን ከተማ ነው። ያደጉት ግን ከዚያ ብዙም በማትርቀው በካናዛዋ ነው። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ሳኬ ከሚጠምቁ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ የጃፓኖች መጠጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የአባት ሕክምናም የእናት ወገን ጠመቃም ኋላ በልጁ ሥራ ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

ዘመኑ ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ ለውጭው ዓለም ዘግታው የቆየችውን በር መክፈት የጀመረችበት ነበር። የካጋ ግዛት አስተዳዳሪዎች የውጭ ቋንቋና ሳይንስ የሚያውቁ ወጣቶች እንደሚያስፈልጓቸው ገባቸው። ጎበዝ ልጆችን መርጠው ወደ ወደብ ከተማዋ ናጋሳኪ ላኩ። ታካሚኔ አንዱ ነበሩ። ገና 12 ዓመት ሳይሞላቸው ከእናት ከአባታቸው ርቀው ከውጭ ሰዎች ዘንድ እንግሊዝኛ መማር ጀመሩ። በሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ሕይወት እንደሚኖረው ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሁለት ዓለም መካከል ነው የኖሩት።

መጀመሪያ እንደ አባታቸው ሕክምና ለመማር ወደ ኦሳካ ሄዱ። እዚያ ኬሚስትሪ ሳባቸው። በ1879 ቶኪዮ ከሚገኘው የኢምፔሪያል ምሕንድስና ኮሌጅ ተመረቁ። በ1880 ደግሞ መንግሥት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ላካቸው። እስከ 1883 እዚያ ቆዩ። ኬሚስትሪ ከመማር ሌላ ፋብሪካዎችን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። ሀገር ልኮ የሚጠብቀው ተማሪ ነበሩና ሲመለሱ የሚጠቅም ነገር ይዘው መመለስ ነበረባቸው።

ኒው ኦርሊንስና ካሮላይን

ወደ ጃፓን ተመልሰው በግብርናና ንግድ ሚኒስቴር ተቀጠሩ። በ1884 ሚኒስቴሩ በኒው ኦርሊንስ ወደተከፈተው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላካቸው። እዚያ ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው ፎስፌት የሚባለው ማዕድን ነው። ማዳበሪያ የሚሠራበት ድንጋይ ነውና ለጃፓን ገበሬ እንደሚጠቅም ወዲያው ታያቸው። ሁለተኛዋ ካሮላይን ሂች የምትባል የዚያው ከተማ ልጅ ናት። ተጫጩ። ታካሚኔ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ኑሮ ካደራጁ በኋላ በ1887 መጥተው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ተጋቡ። በዚያ ዘመን አንድ ጃፓናዊ አሜሪካዊት ማግባቱ እንግዳ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት ቶኪዮ ውስጥ የጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን የሱፐርፎስፌት ማዳበሪያ ኩባንያ ከነጋዴዎች ጋር አቋቋሙ። ሁለት ወንዶች ልጆችም ተወለዱላቸው። ካሮላይን ግን ቋንቋውን በማታውቀው ሀገር፣ ከዘመዶቿ ርቃ መኖሩ ቀላል አልሆነላትም። በ1890 ከአሜሪካ የሥራ ጥሪ መጣ። ታካሚኔ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ተሻገሩ። ለጉብኝት ካልሆነ በቀር ጃፓን ተመልሰው አልኖሩም።

ብቅል፣ ሻጋታና እሳት

ጥሪው የመጣው ከውስኪ ጠማቂዎች ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ማስታወስ ይበቃል። ገብስ ይርሳል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ብቅል የሚያስፈልገው እህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም በውስጡ ስላለ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው። የአሜሪካ ውስኪም የሚሠራው በብቅል ነበር። ጃፓኖች ግን ሳኬ ሲጠምቁ ብቅል አይጠቀሙም። ኮጂ የሚባል ሻጋታ ሩዝ ላይ ያበቅላሉ፤ የብቅሉን ሥራ ሻጋታው ይሠራዋል። ታካሚኔ የእናታቸውን ወገኖች ሙያ ወስደው ኮጂውን በርካሽ የስንዴ ፉርሽካ ላይ አበቀሉት። ሥራውም ከብቅል ይልቅ ፈጣን ሆነ።

ፒዮሪያ በምትባለው የኢሊኖይ ከተማ ሙከራው ጥሩ ሄደ። ይህ ግን ብቅል አምራቾቹን አላስደሰተም። እንጀራቸው ነበርና። በ1891 ፋብሪካው ተቃጠለ። ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። ታካሚኔ እንደገና ሠርተው ሥራውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ግን የውስኪ ኩባንያዎቹ ማኅበር ራሱ በውስጥ ችግር ፈረሰና የብቅሉ ጉዳይ እዚያ ላይ ቀረ። በዚህ መሐል ታካሚኔ በጉበት ሕመም ክፉኛ ታመው ቺካጎ ተወስደው ታከሙ።

ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ስደተኛ ናቸው፣ ታመዋል፣ ሥራቸው ተቃጥሏል፣ ሁለት ልጆች አሉባቸው። እሳቸው ግን ያንኑ ሻጋታ በሌላ ዓይን አዩት። ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም በጠርሙስ ውስጥ ከሠራ በሆድ ውስጥስ ለምን አይሠራም? ከኮጂ ያወጡትን ኢንዛይም አጥርተው ምግብ አልፈጭ ለሚለው ሰው መድኃኒት አደረጉት። ታካ ዲያስቴስ ብለው ሰየሙት። በ1894 የአሜሪካ ፓተንት አገኙበት። የዲትሮይቱ የመድኃኒት ኩባንያ ፓርክ ዴቪስ ሸጠው፤ ታካሚኔም ሀብታም ሆኑ።

የኒው ዮርኩ ምድር ቤት

በ1897 ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። ታካሚኔ ማንሃተን ውስጥ በአንድ ምድር ቤት ትንሽ ላቦራቶሪ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የብዙ ሳይንቲስቶች ዓይን ያረፈው ከኩላሊት በላይ ጉብ ባሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ላይ ነበር። ኦሊቨርና ሼፈር የተባሉ እንግሊዛውያን የእነዚህ ዕጢዎች ጭማቂ ለእንስሳ ሲሰጥ የደም ግፊት በድንገት እንደሚጨምር በ1890ዎቹ አጋማሽ አሳይተዋል። ጭማቂው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ነገር ምንድን ነው? በባልቲሞር ጆን አቤል፣ በአውሮፓም ሌሎች እየሞከሩ ነበር። አቤል ያወጡትን ኤፒነፍሪን ብለው ሰየሙት፤ ግን ንጹሑ ንጥረ ነገር ገና አልነበረም። ፓርክ ዴቪስም ታካሚኔ እንዲሞክሩ ጠየቃቸው።

ታካሚኔ ሐሳብ አፍላቂና ሰው አግባቢ ነበሩ። ቱቦና ብልቃጥ ላይ ቀን ከሌሊት የሚቆም ሰው ግን ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ሰው በ1900 መጀመሪያ ላይ ተገኘ። ኬይዞ ዌናካ ይባላል። ዕድሜው በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ፣ ከጃፓን ገና የመጣ ወጣት ኬሚስት ነበር። ከታረዱ ከብቶች የሚመጣውን ዕጢ እየፈጨ፣ እያሞቀ፣ እያጣራ፣ እያተነነ ወራት ሠራ። በ1900 በጋ ላይ ከብልቃጡ ሥር ክሪስታሎች ታዩ። የሰው ልጅ አንድን ሆርሞን በንጹሕ መልኩ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ዌናካ የየዕለቱን ሥራ የጻፈበት ደብተር ዛሬም ጃፓን ውስጥ አለ።

ታካሚኔ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ፓተንት ጠየቁ። በ1901 ግኝቱን ለሳይንስ ዓለም አሳወቁ። ፓተንቱም ሆነ ጽሑፉ የወጣው ግን በእሳቸው ስም ብቻ ነው። የዌናካ ስም እንደ አግኚ አልተጻፈም። ሕይወታቸውን ስንተርክ ይህን መዝለል ልክ አይመስለኝም። አሠሪና ሠራተኛ በነበሩበት በዚያ ዘመን ልማዱ እንዲህ ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም ክሪስታሉን መጀመሪያ ያየው የወጣቱ ዓይን ነው። ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱንም አብረው ይጠራሉ፤ እኛም እንዲሁ ብናደርግ ጥሩ ነው።

መድኃኒቱ አድሬናሊን በሚል የንግድ ስም ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ኤፒነፍሪን፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አድሬናሊን የሚሉት ከዚህ የስም ጉዳይ የተነሣ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትጓዙ ሁሉ ይህን እወቁ፤ ሁለት ስም ያለው አንድ መድኃኒት ነው። ፓተንቱም ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር የአንድ ሰው ንብረት ይሆናል ወይ ብሎ ሌላ ኩባንያ ተከራከረ። በ1911 ዳኛ ለርንድ ሃንድ ለታካሚኔ ወገን ፈረዱ። የማጣራት ሥራው አዲስና ጠቃሚ ነገር አምጥቷል በሚል ነው። ይህ ፍርድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሕግ ተማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

ዜጋ ያልሆኑት ባለውለታ

ታካሚኔ በገንዘባቸው ሁለቱን ሀገራት ለማቀራረብ ሠርተዋል። በ1905 በኒው ዮርክ የጃፓናውያን ክበብ ሲመሠረት ግንባር ቀደም ነበሩ። በ1913 የሳንክዮ መድኃኒት ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት ጃፓን የራሷ ትልቅ የምርምር ተቋም ያስፈልጋታል ብለው ቀሰቀሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1917 ሪኬን የተባለው ተቋም ተመሠረተ።

የቼሪ ዛፎቹ ነገርም በዚህ መካከል ነው። በ1909 የፕሬዚዳንት ታፍት ባለቤት ሔለን ታፍት ዋሽንግተን ውስጥ ቼሪ ለማስተከል እንዳሰቡ ታካሚኔ ሰሙ። 2,000 ዛፎች እንዲሰጡ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስጦታው ግን በቶኪዮ ከተማ ስም እንዲሆን ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች በ1910 ሲደርሱ ነፍሳትና በሽታ ተገኘባቸውና በሙሉ ተቃጠሉ። ፒዮሪያ ውስጥ ፋብሪካቸው የተቃጠለባቸው ሰው አሁን ደግሞ ስጦታቸው ተቃጠለ። እንደገና ተላከ። በ1912፣ 3,020 ዛፎች ደረሱ። ማርች 27 ቀን ወይዘሮ ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተከሉ።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አልቻሉም። የዘመኑ ሕግ ዜግነት የሚፈቅደው ለነጮችና ከአፍሪካ ዘር ለሆኑ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ኖረው፣ አሜሪካዊት አግብተው፣ ግብር ከፍለው፣ እንግዳ ሆነው ኖሩ። በሩ ለጃፓናውያን የተከፈተው በ1952 ነው። ታካሚኔ ጁላይ 22 ቀን 1922 በ67 ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ። መቃብራቸው ብሮንክስ በሚገኘው ዉድሎን ነው።

መድኃኒቱ ወደ ሜዳ እንዴት ደረሰ?

ታካሚኔ መድኃኒቱን ያወጡት ለአለርጂ ብለው አልነበረም። መጀመሪያ የተፈለገው ደም ለማቆም ነው፤ አድሬናሊን የደም ሥርን ያጠባልና ለዓይንና ለአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በጣም ጠቀመ። አናፊላክሲስ የሚለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። ቃሉን ያወጡት ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው፤ አድሬናሊን ገበያ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1902 ማለት ነው። በ1903 ደግሞ የኒው ዮርክ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለአስም በመርፌ መስጠታቸውን ጻፉ።

እየቆየ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በአናፊላክሲስ ጊዜ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ ጉሮሮ ያብጣል። አድሬናሊን የእያንዳንዱን ተቃራኒ ይሠራል። የደም ሥርን ያጠባል፣ ልብን ያበረታል፣ የአየር ቧንቧን ይከፍታል፣ እብጠትን ይቀንሳል። በ1979 ሐኪሞች አንድ እንግዳ ጉዳይ ጻፉ። ዛጎል ያለው የባሕር ምግብ የበላ ሰው የሚታመመው ስፖርት ሲሠራ ብቻ ነበር። ዛሬ ስንዴም እንዲህ እንደሚያደርግ እናውቃለን። አንዳንድ ሰው ዳቦ በልቶ ቢቀመጥ ደኅና ነው፤ ሳይበላ ቢሮጥም ደኅና ነው፤ በልቶ ሲሮጥ ግን ይወድቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም አልኮል ከተጨመረ ደግሞ ይብሳል። በ1987 ኤፒፔን የተባለው ብዕር መሰል መርፌ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሐኪም ሳይጠበቅ ማንም ሰው መድኃኒቱን ጭን ላይ መስጠት ቻለ።

ጓደኛችን ሜዳ ላይ ቢወድቅ

የታካሚኔና የዌናካ ክሪስታል ዛሬ በኪስ ይያዛል። ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ብዕሩ እያለ ሲዘገይ ነው። ስለዚህ ምልክቱን እንወቅ። ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈር ወይም የምላስ ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማዞር። ምግብም ሊሆን ይችላል፣ የንብ ንድፊያም፣ ስፖርቱ ራሱም። ሽፍታ ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ትንፋሽ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተነካ ነገሩ የደቂቃ ነው።

መጀመሪያ፣ ስፖርቱ ወዲያው ይቁም። አንድ ዙር ልጨርስ ማለት የለም። ብዕሩ ካለ በጭን ውጫዊ ጎን፣ መካከሉ ላይ፣ አስፈላጊ ከሆነ በሱሪው ላይ እንዳለ ይሰጥ። በመሣሪያው ላይ እንደተጻፈው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዝ። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 0.3 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ድንገተኛ ቁጥር ይደወል፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112። በገልፍ አገራት ቁጥሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ሁለተኛ፣ አጋድሙት። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ አይዞህ ብሎ ደግፎ ማቆም ልማድ ነው። በአናፊላክሲስ ግን ድንገት መቆምና መራመድ የደም ግፊቱን የባሰ ሊጥለው ይችላል። በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተሻለው ሁለተኛ ብዕር ይሰጠዋል። ሁለት ብዕር መያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የአለርጂ ክኒን አድሬናሊንን አይተካም። ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮን አይከፍትም። የአስም መንፊያም እንዲሁ ብቻውን አይበቃም። ከመርፌው በኋላ ልብ ሊመታና እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል፤ በዚህ ፍርሃት መዘግየት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና።

አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው የአለርጂ ሐኪም ማየት አለበት። ምግብና ስፖርት ሲገናኙ የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የሚያሳምመውን ምግብ ከበላ በኋላ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሳይሮጥ እንዲቆይ፣ ብቻውን እንዳይሮጥ፣ ብዕሩንና ስልኩን መኪና ውስጥ ሳይሆን ከራሱ ጋር እንዲይዝ ነው። መድኃኒቱ ሙቀት ይጎዳዋል፤ በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ መኪና ውስጥ የዋለ ብዕር አይታመንም። በውጭ አገር የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከጤፍ ሌላ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ስላለበት ስንዴ የማይስማማው ሰው ጠይቆ ይብላ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛው ባህል። ይሉኝታ። ሰውነቱ ሲያሳክከውና ሲያዞረው ጨዋታውን ላለመረበሽ ብሎ ዝም ብሎ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ መኪናው የሚሄድ አለ። ብቻውን ሲሆን ነው የሚሞተው። ጓደኛችሁ ከሜዳ ፊቱ ተለዋውጦ ከወጣ ተከተሉት።

ታካሚኔ ፋብሪካቸው ሲቃጠል እንደገና ሠሩ፤ ዛፎቹ ሲቃጠሉ እንደገና ተላኩ። በሜዳ ላይ ላለ ሰው ግን እንደገና የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ለሚያዘጋጀው የበጋ ውድድር የምትለማመዱም ሆናችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለጤናችሁ የምትሮጡ፣ በሚቀጥለው ስትሰበሰቡ ከማሟሟቂያው በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ። ከመካከላችን አለርጂ ያለበት ማን ነው? ብዕሩስ የትኛው ኪስ ውስጥ ነው? መልሱን ሁሉም ሰምቶ ጨዋታው ይጀመር።